የነጠፈች ላም መካን አይደለችም፤ ስለ ልብ ወለድ ደራሲ ዝምታ

ላም የምትታለብበት ጊዜ አላት፥ የምትነጥፍበትም ጊዜ አላት። ባላገር ላሚቱ የነጠፈች እንደ ሆነ መካን ናት ብሎ ወደ ሥጋ ሻጭ አይነዳትም፤ ጎኗን ዳብሶ ምናልባት ጥጃ ይዛ እንደ ሆነ ይመረምራል፤ ሣር ይጨምርላታል፤ ጥቂት ወራትም ይታገሣታል። ደራሲ ግን ብዕሩ በነጠፈበት ቀን ራሱን መካን ብሎ ይፈርድበታል። አንዱ የጀመረውን ደብተር ከሣጥን በታች ይቀብራል፤ ሁለተኛው መንፈሱ እስኪመጣ እጠብቃለሁ እያለ ዘመኑን ይፈጃል፤ ሦስተኛውም መንፈሱን በመጠጥና በጫት እጠራለሁ ሲል ጤናውን ያጣል። ሦስቱም የሚጎዱት ራሳቸውን ብቻ አይደለም፤ ሊጻፍ ይገባው የነበረው መጽሐፍ ሳይጻፍ ቀርቷልና አገርም ትጎዳለች።

ይህ ደዌ በውጭ አገር የራሱ ስም የወጣለት በቅርብ ዘመን ነው። በኦስትሪያ ተወልዶ በኒው ዮርክ ይሠራ የነበረ ኤድሙንድ ቤርግለር የሚባል የነፍስ ሐኪም በ1940ዎቹ (እንደ አውሮፓ አቈጣጠር) የደራሲን መታገድ ለይቶ ስም ሰጠው፤ ምክንያቱንም ከሕፃንነት ዘመንና ከተነፈገ የእናት ወተት ጋራ አያያዘው። ትንታኔውን የማይቀበሉት ብዙዎች ናቸው፤ ነገር ግን የባላገሩ ምሳሌና የሐኪሙ አሳብ በወተት ላይ መገናኘታቸው የሚያስደንቅ ነው። ልዩነታቸው ይህ ነው፤ ሐኪሙ የወተቱን መቅረት የቈየ ቍስል ምልክት አድርጎ ሲያየው፥ ባላገሩ የሚመጣው ጥጃ ምልክት ሊሆን ይችላል ብሎ ያየዋል። የትኛው ለደራሲ እንደሚጠቅም ለማወቅ ወደ ኢትዮጵያ ደራስያን ሥራ ገብቶ መመርመር ይገባል።

አስቀድሞ የስሙን ትርጓሜ ማየት ይረዳል። ነጋድራስ አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. በሮማ ከተማ ያሳተሙት መጽሐፍ ርእሱ «ልብ ወለድ ታሪክ» ነበረ። በኋላ ሰው መጽሐፉን «ጦቢያ» እያለ ጠራው፤ የመጀመሪያው ርእስ ግን የዚህ ዓይነት ድርሰት ሁሉ መጠሪያ ሆኖ ቀረ። ልብ በአማርኛ የስሜት ቤት ብቻ አይደለም፤ የአሳብም የትዝታም ቤት ነው፤ ትምህርቱን ሳያይ የሚያነበንብ ተማሪ በልቡ ይዞታል ይባላልና። መውለድ የሚለውም ቃል ብቻውን አይመጣም፤ ፅንስን፥ ወራትን፥ ምጥን አስከትሎ ይመጣል። እንግዲህ ልብ ወለድ ጸሐፊ ሆኖ ያለ ወራቱ ልውለድ የሚል ሰው ይጨነግፋል፤ ወራቱ ከደረሰ በኋላም አላምጥም የሚል ሰው ራሱንም ልጁንም ይጎዳል።

ስለዚህ የደራሲ ዝምታ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው የፅንስ ዝምታ ነው፤ ሁለተኛው ምጥን የመፍራት ዝምታ ነው። ከውጭ ሲያዩአቸው ይመሳሰላሉ፤ የሚለዩበት ግን ምልክት አላቸው። ጥጃ የያዘች ላም ወተት ባትሰጥም ሣር መብላት አትተውም። እንደዚሁም በፅንስ ዝምታ ያለ ደራሲ ባይጽፍም ይሰማል፥ ያነባል፥ የሰውን አነጋገር ይለቅማል፥ መንገድ ለመንገድ ያየውን በልቡ ያኖራል። ምጥን የፈራው ግን ከመጻፍ ጋራ መስማትንም ማንበብንም ትቶአል፤ ስለ መጻፍ ማውራት ብቻ ቀርቶታል። ለፊተኛው የሚያስፈልገው ትዕግሥት ነው፤ ለኋለኛው ሥርዐት ነው። መድኃኒቱን የለወጠ ሰው በሽታውን ያብሳል።

ሥርዐት ምን እንደሚሠራ የቅኔ ቤት ከብዙ ዘመን ጀምሮ ያውቃል። በዋሸራም ቢሆን፥ በጎንጅም በዋድላም ቢሆን፥ ተማሪ ግሱንና እርባ ቅምሩን ይዞ ቅኔ መቍጠር ይጀምራል። በ2 ቤት ከሚያልቀው ከጉባኤ ቃና ተነሥቶ፥ 3 ቤት ባለው በዘአምላኪየ፥ 5 ቤት ባለው በዋዜማ፥ 6 ቤት ባለው በሥላሴ በኩል አልፎ፥ 8 ቤት ወዳለው መወድስ ይደርሳል። ከባልንጀሮቹ ተለይቶ፥ ደበሎውን ደርቦ፥ ከዛፍ ሥር ተቀምጦ ይቈጥራል። ወረቀት በእጁ የለም፤ ቃሉን በልቡ ያወጣል፥ ያወርዳል፥ ይነቅላል፥ ይተክላል። ከዚያም ለመምህሩ ወይም ለአስነጋሪው ይነግራል፤ የተሳሳተው ይታረምለታል፥ የማይረባው ይጣልበታል። በማግሥቱ ሌላ አዲስ ቅኔ ይዞ መቅረብ አለበት፤ የትናንቱ ዛሬ አይደገምምና።

በዚህ ሥርዐት ውስጥ ለልብ ወለድ ጸሐፊ 3 መድኃኒት ተሰውሮ ይገኛል። የመጀመሪያው የልክ ማነስ ነው። ጀማሪውን መወድስ አምጣ የሚለው የለም፤ በ2 ቤት እንዲጀምር ታዝዞአል። ልብ ወለድ ልጽፍ ብሎ የተቀመጠ ሰው ግን በመጀመሪያው ቀን 300 ገጽ በፊቱ ተራራ ሆኖ ይታየዋል፤ ተራራውንም አይቶ ብዕሩን ያስቀምጣል። ዛሬ አንዲት ሴት ውሃ ቀድታ ስትመለስ ከጎረቤቷ ጋራ የተነጋገረችውን ብቻ እጽፋለሁ ቢል ግን ሥራው ጉባኤ ቃና ይሆንለታል። ሁለተኛው ያለ ወረቀት መቍጠር ነው። ባዶ ወረቀት የሚያስፈራው አሳቡ በልብ ሳይሰናዳ ወደ ወረቀት የሄደውን ሰው ነው። ታሪኩን አስቀድሞ በቃል ለወዳጅ የተረከ፥ ወዳጁ የት ላይ እንደ ሳቀ፥ የት ላይ እንዳዛጋ ያየ ደራሲ፥ ወደ ወረቀት የሚሄደው ሊፈጥር ሳይሆን ሊገለብጥ ነው። ሦስተኛውም የሚጠብቅ ሰው መኖር ነው። የቅኔ ተማሪ ነገ መምህሩ እንደሚጠብቀው ያውቃል። ብቻውን የሚጽፍ ሰው ግን ጽሑፉን ነገ አምጣ የሚለው የለውም፤ ስለዚህ ነገው ወርን፥ ወሩም ዓመትን ይወልዳል።

ከሦስቱ መድኃኒቶች ጋራ አንድ መርዝም በዚያው ቤት ይወራል፤ እርሱም አብሾ ነው። አእምሮ እንዲከፈት ተብሎ የሚጠጣ ቅጠል ነው፤ ጠጥተው ሊቅ ሆኑ የሚባሉ አሉ፥ ጠጥተው አእምሮአቸውን ያጡም አሉ። አስተዋይ መምህር ግን ተማሪውን ወደ ቅጠሉ አይልከውም፤ ወደ ግሱ ይመልሰዋል። ዛሬ ያለ ጫትና ያለ መጠጥ ብዕሬ አይላወስም የሚል ደራሲ የዚያ ጠጪ የልጅ ልጅ ነው። ቅጠል የሰጠውን ቅጠል ይወስደዋል፤ ግስ የሰጠውን ግን ማንም አይወስደውም።

ነገር ግን የቅኔ ቤት ልብ ወለድ ጸሐፊውን የሚያስርበት ገመድም እንዳለ መካድ አይገባም። ቅኔ በሰምና በወርቅ ይቆማል፤ ቃሉ ጥቂት ስለ ሆነ አንዱም በከንቱ ሊወድቅ አይችልም። ከዚያ ቤት ወጥቶ ወደ ልብ ወለድ የገባ ሰው በየዐረፍተ ነገሩ ወርቅ ይፈልጋል። «ሰውየው በሩን ዘግቶ ወጣ» ብሎ መጻፍ ያሳፍረዋል፤ በሩ ምሥጢር እንዲኖረው፥ መዝጊያውም ኅብር እንዲሆን ይሻል። እንዲህ እያለ ከበሩ ሳይወጣ ዓመት ያልፋል። ልብ ወለድ ግን ሰሙ ብዙ፥ ወርቁ በቦታ በቦታው የሆነ ሥራ ነው። ጧፍ ሁሉ ፈትል ብቻ ቢሆን አይበራም፤ ብርሃኑን የሚመግበው ሰሙ ነውና። ይህን ያልተረዳ ሊቅ ዝምታውን የትሕትና ዝምታ ይለዋል፤ በእውነቱ ግን የትዕቢት ዝምታ ነው፤ ከወርቅ በታች አልጽፍም ማለት ነውና።

ይህን ገመድ እንዴት እንደሚፈቱት የሚያሳየው ከሁሉ የበለጠ ምስክር የክቡር ሐዲስ ዓለማየሁ ሥራ ነው። በ1902 ዓ.ም. በጎጃም ተወልደው፥ ቅኔን በደብረ ኤልያስ፥ በደብረ ወርቅና በዲማ የተማሩ ሰው ነበሩ። በጦርነቱ ጊዜ ከራስ እምሩ ጋራ ተማርከው በኢጣልያ ደሴቶች ታሰሩ፤ ከነጻነት በኋላም በመንግሥት ሥራና በመልእክተኛነት ብዙ ዘመን ኖሩ። በ1948 ዓ.ም. «ተረት ተረት የመሠረት»ን አሳተሙ፤ ከ10 ዓመት በኋላ በ1958 ዓ.ም. ከ500 ገጽ የሚበልጠው «ፍቅር እስከ መቃብር» ወጣ። የሁለቱ መጻሕፍት ቅደም ተከተል ራሱ ትምህርት ነው። ወደ ትልቁ ልብ ወለድ የገቡት በተረት በር ነው፤ ከአፍ ወደ ብዕር፥ ከአጭሩ ወደ ረጅሙ፥ ልክ እንደ ጉባኤ ቃናና እንደ መወድስ ማለት ነው።

በመጽሐፉም ውስጥ ወርቁን ያኖሩበትን ቦታ አንባቢ ይመልከት። በዛብህ ለብትውትና የተሳለ፥ በቅኔም የበሰለ ተማሪ ነው፤ የፊታውራሪ መሸሻን ልጅ ሰብለ ወንጌልን ሊያስተምር ገብቶ ፍቅር ይይዘዋል። ደራሲው የቅኔን ክብር ለዚህ ሰው ሰጥተው፥ ተራኪውን ግን ከቅኔ ነጻ አደረጉት። ተራኪው እንደ አባት በእሳት ዳር ተቀምጦ በሰፊው፥ በዝግታ፥ አንዳንድ ጊዜም ከልክ በላይ እያብራራ ይናገራል። አንዳንድ ተቺ ይህን ማብራራት እንደ ጉድለት ይቈጥረዋል፤ በከፊልም እውነት አለው፤ ውይይቱ በብዙ ቦታ ታሪኩን ያቆመዋልና። ነገር ግን ያ ሰፊ አነጋገር ባይኖር መጽሐፉ ራሱ አይኖርም ነበር። የቅኔ ተማሪ ወርቁን ትቶ ሰም ለማፍሰስ መፍቀዱ ነው 500ውን ገጽ ያስገኘው።

ከሁሉም የሚበልጠው ግን የጉዱ ካሳ ነገር ነው። በመጽሐፉ ውስጥ የባላባትን ሥርዐት የሚነቅፈው፥ የዘመኑን ፍርድ የሚመረምረው ይህ ሰው ነው፤ አገሩ ግን እብድ ነው ይለዋል፤ ጉዱ መባሉም ስለዚሁ ነው። በዚህ ሰው ላይ ሰምና ወርቁ ከቃል ወደ ሰው ተዛውሮአል፤ እብደቱ ሰም ነው፥ ማስተዋሉ ወርቅ ነው። ደራሲ አንድ ከባድ እውነት በራሱ አንደበት ለመናገር ሲፈራ ወይም ሲያፍር ብዕሩ ይታሰራል፤ ያን እውነት የሚሸከም ሰው ፈጥሮ በዚያ ሰው አፍ ባኖረው ጊዜ ግን እስራቱ ይፈታል። ሐዲስ የቅኔ ቤትን አልካዱም፤ መሣሪያውን ከዐረፍተ ነገር አንሥተው በባሕርይ ላይ አዋሉት።

ከ«ፍቅር እስከ መቃብር» በኋላ «ወንጀለኛው ዳኛ» እስኪወጣ እስከ 1974 ዓ.ም. ድረስ 16 ዓመት አለፈ፤ «የልምዣት»ም በ1980 ዓ.ም. ተከተለ። እነዚህን 16 ዓመታት የነጠፈ ብዕር ዘመን ብሎ የሚፈርድ ሰው ቢኖር ይሳሳታል፤ በመካከሉ በ1966 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ምን ዓይነት አስተዳደር እንደሚያስፈልጋት የሚመረምር መጽሐፍ ጽፈዋልና። የናይጄሪያው ቺኑዋ አቼቤም በ1966 (እንደ አውሮፓ) ረጅም ልብ ወለድ ካወጣ በኋላ ሌላ ረጅም ልብ ወለድ ያወጣው በ1987 ነው፤ 21 ዓመት መሆኑ ነው። በመካከሉ አገሩ በእርስ በርስ ጦርነት ነደደች፤ እርሱም ግጥምና አጫጭር ታሪክ ጻፈ። ሁለቱም ሣር መብላት ያልተዉ ሰዎች ነበሩ። አንዱ በር ቢዘጋ በሌላው በር ወጡ፤ በሩም በጊዜው ተከፈተ። ስለዚህ ለታገደ ደራሲ የሚሰጠው አንዱ ምክር ይህ ነው፤ ረጅሙ እንቢ ያለ እንደ ሆነ አጭሩን፥ ታሪኩ እንቢ ያለ እንደ ሆነ መልእክቱን ወይም ትዝታውን ይጻፍ፤ ብቻ እጁን አያሳርፍ።

ከዚህ ሁሉ ሌላ ደግሞ በሊቃውንቱ ዘንድ ብዙ የማይነገርለት አንድ ማሰሪያ አለ፤ እርሱም የቋንቋ ማሰሪያ ነው። ቆሼን የሚያውቅ ሰው ይህን በቀላሉ ይረዳዋል። ቆሼ በማረቆ ያለች ከተማ ናት፤ ከቡታጅራ ወደ ዝዋይ በሚወስደው መንገድ ላይ ትገኛለች፤ ስሟ ሲነሣ የማረቆ በርበሬ አብሮ ይነሣል። በዚህች ከተማ የተወለደ ልጅ በእናቱ ቤት ማረቆኛ ሊሰማ ይችላል፤ በገበያ ጉራጊኛና አማርኛ ይሰማል፤ በትምህርት ቤት አማርኛና እንግሊዝኛ ይማራል። አድጎ ልብ ወለድ ልጻፍ ቢል የአያቱ ተግሣጽ በአንድ ቋንቋ፥ የገበያው ክርክር በሁለተኛው፥ የመጽሐፍ አጻጻፍ ደግሞ በሦስተኛው ይመጣበታል። አያቱን በመጽሐፍ አማርኛ ቢያናግራቸው አያቱ አይመስሉትም፤ እንደ አገረ ገዥ ደብዳቤ ይናገሩበታል። እርሱም ተሰጥዎ የለኝም ብሎ ይተዋል። ተሰጥዎ አጥቶ ግን አይደለም፤ አያቱ በልቡ የሚናገሩበትንና እርሱ የሚጽፍበትን ቋንቋ የሚያገናኝ ድልድይ አጥቶ ነው።

ይህን ድልድይ የሠራ ሰው ከጉራጌ አገር ተገኝቶአል፤ እርሱም አቶ ሣህለ ሥላሴ ብርሃነ ማርያም ናቸው። የመጀመሪያውን ልብ ወለዳቸውን የጻፉት በአማርኛም በእንግሊዝኛም አልነበረም፤ በቸሃ ቋንቋ ነበረ። ያ ቋንቋ ከዚያ በፊት ልብ ወለድ ያልተጻፈበት ነበረ። ሥራውን የሴም ቋንቋዎች ሊቅ ቮልፍ ሌስላው ወደ እንግሊዝኛ መልሶት በ1964 (እንደ አውሮፓ) በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት ታተመ፤ ስለ ሽነጋ መንደር የሚናገረው መጽሐፍ ይህ ነው። ከዚያ በኋላ ደራሲው ራሳቸው በእንግሊዝኛ «አፈርሳታ»ን፥ ቀጥሎም ስለ ዐፄ ቴዎድሮስ የሚናገረውን መጽሐፍ ጻፉ፤ በአማርኛም «ባሻ ቅጣው»ን የመሰሉ ሥራዎችን ሰጡ። መንገዱን ያስተዋለ ሰው አንድ ነገር ያገኛል፤ ወደ ሰፊዎቹ ቋንቋዎች የተሻገሩት መጀመሪያ በእናት ቋንቋ ላይ ከቆሙ በኋላ ነው። ውሃ የሚሻገር ሰው አንደኛውን እግሩን በጽኑ ድንጋይ ላይ አቁሞ ሁለተኛውን እንደሚያነሣ ማለት ነው።

በመንደር ትዕይንት የተሠራው ያ የመጀመሪያ መጽሐፍ ታላቅ የሤራ ልብ ወለድ አይደለም። ትዕይንቶቹ አንዱ ከሌላው ጋራ በላላ ክር የተሰፉ ናቸው፤ ሽነጋም እንደ በዛብህ በአንባቢ ልብ የሚቀር ሰው ነው ለማለት ያስቸግራል። ነገር ግን ተቺ አንድን መጽሐፍ በቁመቱ ብቻ ሳይሆን በከፈተው በርም ሊመዝነው ይገባል። የእንሰት አገር ሰው በራሱ ቃል ተናግሮ መጽሐፍ ሊሆን እንደሚችል ካሳየ በኋላ ያ መጽሐፍ ሥራውን ፈጽሞአል። ከቆሼ የሚነሣው ወጣትም ከዚህ የሚወስደው ትምህርት አለ። መጽሐፉን በአማርኛ ቢያስበውም እንኳ፥ አያቱ የሚናገሩበትን ገጽ አስቀድሞ በአያቱ ቋንቋ ይጻፈው፤ ቃሉ ሕይወት ካገኘ በኋላ ወደ አማርኛ ያምጣው። ያን ጊዜ አማርኛው ከእርሱ አገር ጣዕም ያገኛል፤ አማርኛም በዚህ ትበለጽጋለች እንጂ አትጎዳም።

«አፈርሳታ» የሚለው ርእስም ለዚህ ነገር ጥሩ ምሳሌ ይሆናል። በመጽሐፉ የአንድ ሰው ጎጆ በእሳት ይጋያል፤ የአገሩም ሰዎች ወንጀለኛውን ለማውጣት አፈርሳታ ይቀመጣሉ። አፈርሳታ ወይም አውጫጭኝ የድሮ የአገር ሥርዐት ነበረ፤ ወንጀለኛው ያልታወቀ እንደ ሆነ የአካባቢው ሰው ሁሉ በአንድ ሜዳ ተሰብስቦ፥ ነገሩ እስኪወጣ ድረስ ወደ ሥራው እንዳይሄድ ይከለከል ነበር፤ ምስክሩም ስሙ ተሰውሮ ወፍ ይባል ነበር። የታገደ ደራሲም እንዲህ ማድረግ ይችላል። ሰዎቹን ሁሉ በአንድ ሜዳ ያስቀምጣቸው፤ አባትየውን፥ እናቲቱን፥ አበዳሪውን፥ ቄሱን፥ እረኛውን። እያንዳንዱን፥ በዚያች ሌሊት የት ነበርህ፥ ምንስ ፈለግህ፥ ከሁሉ ይልቅ እንዳይታወቅብህ የምትፈራው ምንድን ነው ብሎ ይጠይቀው፤ መልሱንም በደብተር ይጻፈው። ታሪክ የሚቆመው ብዙ ጊዜ ደራሲው አንዱን ሰው ሳይጠይቀው ስላለፈ ነው። ያልተጠየቀው ሰው አፉን በከፈተ ጊዜ ወፉ ተናገረ ማለት ነው፤ ሜዳውም ይፈታል።

የመጨረሻው ማሰሪያ ግን በደራሲው እጅ የማይፈታ ነው፤ እርሱም ፍርሃት ነው። በዓሉ ግርማ በ1972 ዓ.ም. «ደራሲው» የሚል ልብ ወለድ አሳትሞ ነበር፤ ዋናው ሰው ሲራክ የሚባል ደራሲ ነው። አንድ ደራሲ የደራሲን ጭንቀት ራሱን የድርሰት ነገር አድርጎ መጻፉ ለታገደ ሁሉ ጥሩ ብልሃት ነው፤ የሚጽፈው ያጣ ሰው ማጣቱን ይጽፋልና። ይሁን እንጂ የበዓሉ ፍጻሜ ሌላ ነገር ያስተምራል። በ1975 ዓ.ም. «ኦሮማይ»ን አሳተመ፤ መጽሐፉ ወዲያው ከገበያ ተሰበሰበ፤ እርሱም ከሥራው ተባረረ፤ በየካቲት ወር 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደ ወጣ ቀረ። ይህን የሰማ ጸሐፊ ብዕሩ ቢንቀጠቀጥ በስንፍና ሊወቀስ አይችልም። ለእንዲህ ያለው ዝምታ የቅኔ ቤትም ሥርዐት፥ የሐኪምም ምክር አይበቃውም፤ መድኃኒቱ በመንግሥትና በሕዝብ እጅ ነው። ደራሲን ዝም አልህ ብሎ የሚወቅስ ኅብረተሰብ፥ በተናገረ ጊዜ ከጎኑ ቆሜ ነበርን ብሎ አስቀድሞ ራሱን ይጠይቅ።

አንዳንድ ሊቅ፥ ድርሰት የመንፈስ ስጦታ ነው፤ ስጦታ በሰዓትና በሥርዐት አይመጣም፤ ስለዚህ ዝም ላለው ደራሲ ሥርዐት መስጠት የሰማይን ዝናብ በወንፊት እንደ መቅዳት ነው ይል ይሆናል። ለዚህ ክርክር ከቅዱስ ያሬድ ታሪክ የሚሻል መልስ የለም። በትውፊት እንደሚነገረው ያሬድ በአክሱም ትምህርት አልገባህ ብሎት፥ የመምህሩን የጌዴዎንን ተግሣጽ ሸሽቶ በዛፍ ሥር በተቀመጠ ጊዜ፥ አንድ ትል ዛፉን ሲወጣ 6 ጊዜ ወድቆ በ7ኛው ሲደርስ አየ። ይህ ታሪክ ሲነገር ሁልጊዜ ጽናት ይወደሳል፤ ይገባዋልም። ነገር ግን ሌላ ሁለት ነገር አለበት። ትሉ ዛፍ አልለወጠም፤ በወደቀበት ዛፍ ላይ ተመለሰ። ያሬድም ያየውን አድንቆ በዚያው አልተቀመጠም፤ ወደ መምህሩ ተመለሰ። ዜማው በኋላ በስጦታ መጣ፤ ስጦታው የመጣው ግን ወደ ሥራው ለተመለሰው ሰው ነው። በእርሻው ላይ የተገኘ ገበሬ ዝናቡን ያገኘዋል፤ ያላረሰውን ግን ዝናብ ቢዘንብለትም ጭቃ ብቻ ይተርፈዋል።

ከባሕር ማዶም ለዚሁ ምስክር አይጠፋም። እንግሊዛዊው አንቶኒ ትሮሎፕ በፖስታ ቤት ሥራ ላይ ሳለ ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል (እንደ ኢትዮጵያ አቈጣጠር) ተቀምጦ፥ ሰዓቱን በፊቱ አኑሮ፥ በየሩብ ሰዓቱ 250 ቃል ይጽፍ ነበር፤ 47 ልብ ወለድ ትቶ አረፈ። ሩስያዊው ሌዎን ቶልስቶይ ደግሞ ስለ ታላቁ ጴጥሮስ ልብ ወለድ ለመጻፍ ደጋግሞ ጀምሮ ደጋግሞ ተወው፤ በ1873 (እንደ አውሮፓ) የፑሽኪንን ጽሑፍ ሲያነብ አነሣሡ ደስ አሰኝቶት «አና ካሬኒና»ን ጀመረ። ፊተኛው የዘወትር ልክን ያስተምራል። ኋለኛው ደግሞ የሚያስተምረው እንቢ ካለ መጽሐፍ ጋራ ዕድሜ ልክ መታገል እንደማይገባ፥ የታላቅንም ደራሲ አጀማመር መስማት የራስን አፍ እንደሚከፍት ነው። የቅኔ ተማሪም የመምህሩን ቅኔ ሳይሰማ የራሱን አይቈጥርም።

እንግዲህ ነገሩ ተጠቃሎ ሲታይ፥ የደራሲ ዝምታ አንድ በሽታ አይደለም፤ መድኃኒቱም አንድ አይደለም። ፅንስ የሆነውን መታገሥ፥ ምጥ የተፈራበትን በየቀኑ ሥርዐት ማስገደድ፥ ወርቅ ብቻ የሚሻውን ወደ ሰም መመለስ፥ ቋንቋ የተለያየበትን በእናቱ ቋንቋ ማስጀመር፥ የፈራውን ደግሞ ከጎኑ መቆም ይገባል። ይህን ሳይለዩ ለሁሉም ጻፍ ብሎ መጮኽ ወይም ለሁሉም ታገሥ ብሎ ማጽናናት፥ ለራስ ምታትም ለሆድ ቁርጠትም አንድ ቅጠል እንደ መስጠት ነው።

የማረቆ ገበሬ የበርበሬን ዘር በቀጥታ በሰፊው ማሳ ላይ አይበትነውም። መጀመሪያ በጠባብ መደብ ላይ ችግኝ ያፈላል፤ ጥላ ያደርግለታል፥ ውሃ ያጠጣዋል፤ ክረምት ሲገባ የጸናውን መርጦ ወደ ማሳ ያዛውረዋል፤ የደከመውንም ያለ ኀዘን ይተወዋል። ችግኙ በመደብ ላይ ሳለ ለወጥ የሚሆን በርበሬ አልሰጠም ብሎ የሚቈጣ የለም። በቆሼም ሆነ በአዲስ አበባ የሚኖር ደራሲ በየቀኑ የሚጽፋትን አንዲት ገጽ መደብ አድርጎ ይያዛት። ግማሹ ይደርቃል፤ የቀረው ግን ወደ ማሳ የሚሄደው ነው። ክረምቱ በመጣ ጊዜ ማሳ ያለው ብዙ ነው፤ ችግኝ ይዞ የሚገኝ ግን ጥቂት ነው።